የናሙናው ግድግዳ

ልጅ ሳለሁ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴ «እሳት ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኛለች፤ ሰፈሩ ደግሞ በአንድ ድምፅ ቁንጫ ብሎ ሰይሞኛል። እውነተኛ ስሜን ከአስተማሪዬና ከክትባት ካርዴ በቀር የሚያውቀው አልነበረም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ይኸው አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኝ፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ስብሰባ ላይ እግሬ ሲንቀጠቀጥ አጠገቤ ያለው ሰው ወንበሩን ያርቃል። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ፤ ታሪኩ አንድ ነው፣ አይጠፋባችሁም።

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። የሱቅ ስም፣ የክሊኒክ ስም፣ «ቤት ይከራያል»፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»፣ የመጣለትን ሁሉ ይጽፋል። ሙያውን የተማረው ከእናቴ አባት ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቆርቆሮ ሊያስይዙት ቀጠሩት፣ ብሩሽ አስያዙት፣ መጨረሻ ላይ ልጃቸውንም ሰጡት። እኔ አያቴን አላውቃቸውም፣ ከመወለዴ በፊት ነው የሞቱት። አባቴ ግን አንድም ቀን በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። «አለቃዬ» ነው የሚላቸው፣ ሲላቸውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

የቤታችን የመንገድ ዳር ግድግዳ የእሳቸው የናሙና ግድግዳ ነበር። በእሳቸው ጊዜ ደንበኛ ሲመጣ ካታሎግ የሚያገላብጥለት የለም። ግድግዳው ፊት ይቆማል፣ በጣቱ ያሳያል፣ «እንደዚህ ያለ መቀስ፣ በዚያኛው ፊደል» ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሌለ ሙያ አልነበረም። ለፀጉር ቤት መቀስ፣ ለጥርስ ሐኪም ባለ ሦስት ሥር መንጋጋ፣ ለጫማ ሰፊ ቡትስ፣ ለልብስ ሰፊ የስፌት መኪና፣ ለጋራዥ ጎማ። ከሥር ደግሞ ስምንት ዓይነት ፊደል በስምንት መስመር፤ ወፍራሙ፣ ቀጭኑ፣ ጥላ ያለው፣ ነፋስ የገፋው ይመስል የተጋደመው። እኔ ግን ግድግዳውን ሳውቀው አርጅቷል። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት መቀሱ አንድ ስለቱን አጥቷል፣ መንጋጋው ገርጥቷል፣ ከጎማው የቀረው ግማሹ ነው።

ያም ሆኖ እያንዳንዱን መስመር በጣቴ አውቀዋለሁ። ትምህርት ቤት ስሄድ በጣቴ ዙሪያውን ሳልከተል አላልፍም ነበር፤ ስመለስም እንዲሁ። ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ያለቀ ብሩሽና የጫማ ካርቶን ሰጠኝ፣ እንድቀመጥ ብሎ ነው መሰለኝ። እንዳሰበውም ሆነ። ያቺ ለደቂቃ የማትረጋ ልጅ ብሩሽ ስትይዝ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። እናቴ «ታመመች እንዴ?» እያለች ትመጣና አይታኝ ትመለስ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ተበላሸ። ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ ግን ታውቃላችሁ፣ ልጅ ከድምፅ ነው የሚያውቀው። ዋናው መንገድ ላይ ኮምፒውተር ያላቸው ማተሚያ ቤቶች ተከፍተው ነበር። የአንድ ሱቅ ታፔላ በአንድ ሰዓት ያወጣሉ፣ ያውም ከነፎቶው። አባቴ ጠዋት ሙሉ ጣሳ ቀለም ይዞ ይወጣል፣ ከሰዓት ሙሉ ጣሳ ይዞ ይመለሳል። እናቴ ዩኒፎርም ከምትሰፋበት ድርጅት ስትመጣ ጣሳዎቹን አይታ ዝም ትላለች። እኔም ዝምታው ሲከብደኝ ወጥቼ እሮጣለሁ።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ባለ መነጽሯ ሴትዮ ከማዘጋጃ ቤቱ የባህል ክፍል የመጣችው። ግድግዳችን ፊት ቆማ ብዙ አየችና በራችንን አንኳኳች። እኔ ገመድ እየዘለልኩ በክፍተት በክፍተቱ የሰማሁት ይሄን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በከተማው ያሉትን የጥንት የእጅ ታፔላዎች ሊመዘግብ ነው። ለተመዘገቡት ከዝናብ የሚከልል ጣሪያ ይሠራላቸዋል፣ አጠገባቸውም የማስታወሻ ሰሌዳ ይቆማል። በመናኸሪያው ረጅም ግድግዳ ላይ ደግሞ የከተማዋን ሙያዎች የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ይሳላል። ሴትዮዋ «የእናንተን ግድግዳ ኮሚቴው ከተቀበለው» አለች፤ «ሰሌዳዎቹንም የመናኸሪያውንም ሥራ ከእርስዎ የተሻለ ማን ይሠራዋል ጋሼ? ሁለት ዓመት እጅዎ አያርፍም።»

አባቴ ሁለት ዓመት የሚለውን ሲሰማ ግድግዳውን ተደገፈ። የዚያን ዕለት እራት ላይ እህል አልበላ አለው፣ እየተነሳ ይንጎራደዳል።

«ሐሙስ ኮሚቴው ይመጣል» አለ።

«እንግዲህ ያን ግድግዳ ሊያዩት ነው» አለች እናቴ።

«እሱን ሊያዩ አይደል የሚመጡት።»

«መልኩ እኮ የለም።»

«እንዳለ ነው የሚያዩት» አላት። «የሚፈልጉትም እንዳለ ነው።»

ይሄን የመጨረሻውን አልሰማሁትም፣ ወይም ሰምቼ አልገባኝም። እኔ የማውቀው አክስቴ የምትመጣ ዕለት እናቴ ጆሮዬ ድረስ በሳሙና እንደምታሸኝ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፣ መጋረጃ ይታጠባል። ታዲያ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሲመጡ ሽባ መቀስና የበሰበሰ ጥርስ እናሳያለን? በማግስቱ አባቴን ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። አፍሮ ነው አልኩ። የሰፈሩን ኳስ ተጫዋቾች ሰብስቦ «እዚህ ግድግዳ ጋ ድርሽ እንዳትሉ» ሲላቸውም ሰምቻለሁ። ያ ከእነሱ አልፎ እኔንም ይመለከታል ብዬ ለማሰብ ምን ምክንያት ነበረኝ? እኔ የታፔላ ጻፊ ልጅ ነኝ።

ረቡዕ ከሰዓት አባቴ ሜትር ይዞ የመናኸሪያውን ግድግዳ ሊለካ ሄደ። ገና ሥራው ሳይሰጠው። እናቴ ሥራ ላይ ናት። ቦርሳዬን በር ላይ ወረወርኩና የቀለም ሳጥኑን ጎትቼ አወጣሁ። ቀዩን፣ ጥቁሩን፣ ሰማያዊውን። ከብሩሾቹ ሁሉ አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጠውን ረጅም ፀጉር ያለውን ወሰድኩ። የለስላሳ ሳጥን ላይ ሳጥን ደርቤ ወጣሁ።

ፀሐዩ ማጅራቴን ያቃጥላል፣ የቀለም ማቅጠኛው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ከመቀሱ ጀመርኩ። የጠፋው ስለት የት እንደነበር እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ፣ ጣቴ ያውቀው ነበር። ብሩሹን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩና እሱው ሳበኝ። ሳላነሳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙም አላስታውስም። ባለ ሱቋ ጎረቤታችን መጥታ «አባትሽ አዞሽ ነው?» አለችኝ፣ «አዎ» አልኳት፣ «እሰይ፣ ጎበዝ ልጅ» ብላ ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላው ጉንጬ ውስጥ እያለ መንጋጋውን ጨረስኩ። ቡትሱን፣ የስፌት መኪናውን፣ ጎማውን። ስምንቱን መስመር ፊደል በቀይ፣ ጥላውን በጥቁር። ስወርድ ግድግዳው እስከ መንገዱ ማዶ ይጮህ ነበር፤ ሰው እየቆመ ያየው ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ደስ ያለኝ ቀን የለም። ይሄን ዛሬም እላለሁ።

አባቴ ሲመጣ ከሩቅ ነው ያየው። ቆመ። ከዚያ መጣና መቀሱ ፊት ደረሰ፣ ፊቱን አስጠግቶ አየው። ቀለሙን በጣቱ ነካ። ጣቱ ቀላ።

«አባባ፣ አማረ?» አልኩት፤ ዙሪያውን እየዘለልኩ።

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም።»

«ማንም አልረዳሽም?»

«ማንም አልኩህ እኮ። አማረ?»

«እጅሽን ታጠቢ» አለኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ቀዩን ቀለም ስለጨረስኩበት የተናደደ መሰለኝ።

እናቴ ስትመጣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «ጉድ ሆንን» አለች።

«ተይ። ልጅቷ ትሰማለች።»

«በማቅጠኛ አይነሳም?»

«ይነሳል። ከአለቃዬ ቀለም ጋር ነው የሚነሳው።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። ባለ መነጽሯ፣ አንድ ቀጭን ሰውዬ ከነወረቀቱ፣ አንድ ካሜራ ያነገተ ልጅ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ነበር፤ ማንም ሳያዘኝ። ግድግዳው ፊት ሲደርሱ ባለ መነጽሯ አፏን በእጇ ያዘች። አስተማሪያችን የሚያምር ነገር ስታይ እንዲያ ታደርግ ስለነበር፣ እኔ በደስታ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ። ባለ ካሜራው ሁለት ጊዜ አነሳ። ቀጭኑ ሰውዬ ጠጋ ብሎ አሸተተው።

«መቼ ነው የተቀባው?»

«ትናንት» አለ አባቴ።

«ማን ነው የቀባው?»

ወደፊት ወጣሁ። አፌን ከፈትኩ። የአባቴ እጅ ራሴ ላይ አረፈና ጫን አደረገኝ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ቀና ብዬ አየሁት፣ እሱ አያየኝም። ሊያሾፍ ነው ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ። አላሾፈም። «ለእናንተ ይመር ብዬ ነው» ብሎ ጨመረበት። ያኔ «እኔ ነኝ እኮ» ልል ስል እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ጎተተችኝ፤ በሩን ዘጋችና አፌን በመዳፏ ከደነችው። «አባትሽ ነው የቀባው» አለችኝ። «ማንም ቢጠይቅሽ አባትሽ ነው። ትምህርት ቤትም ሰፈርም። ገባሽ?»

በመስኮቱ አየሁ። ቀጭኑ ሰውዬ አንድ ነገር ጻፈና ወረቀቱን አጠፈ፤ የሽልማት ነው አልኩ፣ የአባቴን ስም። ባለ መነጽሯ መነጽሯን አውልቃ «እርስዎ እንኳን ያውቃሉ ብዬ ነበር እኮ፣ ጋሼ» ስትል ድምፇ ተሰበረ፤ እንዴት ብትደነቅ ነው አልኩ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ይድፋ፣ የሰው ሥራ የእኔ ነው ብሎ አንገቱን ቀና ሊያደርግ ነው?

ዛሬ ያንን ቅጽ አውቀዋለሁ። በወር አሥር ጊዜ የምሞላው እኔው ነኝ፤ አሁን የምሠራው በዚያው ማዘጋጃ ቤት፣ በዚያው ክፍል ነው። በቅርቡ ተቀብቷል የሚል ሣጥን አለበት። እሱ ላይ ምልክት ከተደረገ ቀሪውን መሙላት አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ይታጠፋል። የአለቃውን ግድግዳ በገዛ እጁ ያበላሸ ሰው ደግሞ የሌላውን ታፔላ አምናችሁ አትሰጡትም። ሰሌዳዎቹም የመናኸሪያው ሥዕልም ለሌላ ሰው ሄዱ። ሦስት ዓመት ቆይቶ መንገዱ ሲሰፋ ያልተመዘገበው ግድግዳችን ፈረሰ።

ያኔ ግን ምን አውቄ? አኮረፍኩ። ቁንጫ አኮረፈች ቢባል ማን ያምናል፣ አንድ ቀን ሙሉ አኩርፌ አላውቅም ነበር እኮ። ይሄኛው ወራት ፈጀ። አባባ ማለት ተውኩ። ቆርቆሮ ያዢልኝ ሲለኝ ሰማሁ አልልም። ባለ ሱቋ ለእናቴ «በገዛ እጁ ጉሮሮውን ዘጋ፣ አይደል?» ስትላት ሰምቼ፣ እሷም ሌብነቱን ደርሳበታለች ብዬ ልቤ ረካ። አባቴ ብሩሾቹን ሸጦ ማተሚያ ቤት በማሽን የሚቆረጥ ፊደል ሲለጥፍ እንደሚውል ሳውቅ ደግሞ፣ የእጁን ነው ያገኘው አልኩ። አልኩ፤ ምን ላድርግ፣ አልኩ።

ክፋቱ ኩርፊያው ሲያልፍ ነገሩ አለማለፉ ነው። ሰላም እንባባላለን፣ እንስቃለን፣ ሲያመው ሐኪም ቤት አብሬው እሄዳለሁ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሠራሁትን አንድ ነገር አሳይቼው አላውቅም። ኮሌጅ ስጨርስ ሥዕሎቻችን አዳራሽ ሲሰቀሉ እናቴን ብቻ ጠራሁ። እሱ የእኔ ነው ቢልስ? በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ተምሬ፣ እንዲህ እያሰብኩ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ሐሙስ አንድ ቃል አልወጣትም። ቃል አስገብቷት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ባለፈው ወር ከኮሚቴው ጋር አንድ ፀጉር ቤት ሄድን። በመንገድ ዳር ግድግዳው ላይ የስድሳ ዓመት ታፔላ አለ ተብለን ነው። ደረስን፤ ታፔላው ትናንት የተቀባ ነው፣ እንደ አዲስ ያበራል። ባለ ፀጉር ቤቱ ነጭ ጋውኑን አጥቦ ለብሶ በር ላይ ቆሟል፣ ፊቱ በፈገግታ ሞልቷል። «ለእናንተ ብለን ነው» አለ። «ያሳዝናል» አልኩት። ሣጥኑ ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ወረቀቱን አጠፍኩ፣ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ሁለት መንገድ እንኳ አልሄድንም። ቀጭኑ ሰውዬም እንደ እኔ ወረቀቱን ማጠፉ ትዝ አለኝ። ለሽልማት ማን ወረቀት ያጥፋል? «ለእናንተ ይመር ብዬ ነው» ያለውን የአባቴን የተደፋ አንገት አሰብኩ። ሹፌሩን አባቴ ቤት አድርሰኝ አልኩት፤ የሥራ ባልደረቦቼ የታመመ ሰው ያለ መስሏቸው «ፍጠን» አሉት።

አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሬዲዮ ፈትቶ ብሎኑን ጠረጴዛ ላይ በትኖ አገኘሁት።

«አባባ፣ ያ ግድግዳ» አልኩት፣ ሳልቀመጥ።

«የትኛው?»

«ስንት ግድግዳ ነበረን?»

ሳቀ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆይተሽ ዛሬ ምን አስታወሰሽ?»

«ሥራውን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ቀለሜንም ጨርሰሽብኛል።»

«አትቀልድ። እኔ እኮ ሌባ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ሥራዬን የሰረቅከኝ መስሎኝ። እንዴት ዝም ትላለህ? አንድ ቀን እንኳን ጠርተህ እንዲህ ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ብሎኖቹን በጣቱ አንድ በአንድ ወደ ጥግ ገፋቸው።

«ሰርቄሻለሁ» አለ።

«አባባ፣ እኔን ለማዳን ብለህ ነው። አሁን ገብቶኛል እኮ።»

«መጀመሪያማ አዎ። ስትወጪ አየሁሽና ይጮኹባታል ብዬ ቀደምኩሽ። እዚህ ድረስ አባት ነኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ካልኩት በኋላ ግን ደስ አለኝ። አለቃዬ ከሞቱ ጀምሮ ያን መቀስ ልሠራ ያልሞከርኩበት ቆርቆሮ የለም። እናትሽ የት ጠፋህ ስትለኝ መቀስ ነው የምሠራው። አንድም ቀን እሳቸውን አልመሰለልኝም። ያን ዕለት ከመናኸሪያ ስመለስ የእሳቸው መቀስ ቀለሙ ሳይደርቅ ቆሞ ጠበቀኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ለሥራው የተቃጠልኩ መሰለሽ? ቀናሁ። በገዛ ልጄ ቀናሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በማግስቱ እኔ ነኝ ስል፣ ሁሉ ነገር እንዳበቃለት እያወቅሁ፣ ለዚያች ቅጽበት መቀሱ የእኔ ሆነ። ስታኮርፊኝ ምን ብዬ ላስረዳሽ? ልክ ነበርሽ። እና ዝም አልኩ።»

ላቅፈው ፈለግሁ፣ ልቆጣውም ፈለግሁ። ሁለቱንም ሳላደርግ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ስመላለስ እያየኝ ቆየ። በመጨረሻ ከፊቱ ቁጭ አልኩና ስለ ባለ ፀጉር ቤቱ ነገርኩት። ስለ ነጭ ጋውኑ፣ «ለእናንተ ብለን ነው» ስላለው፣ ስለ አጠፍኩት ወረቀት።

«ማን እንደቀባው ጠየቅሽው?» አለኝ።

«አልጠየቅሁም።»

«እንዴት አትጠይቂም? ‹ብለን› ነው እንጂ ‹ብዬ› አላለሽም አይደል?»

«የምንጠይቀው መቼ እንደተቀባ ነው፣ አባባ። መልሱ ምዝገባውን አይለውጠውም።»

«ምዝገባውን ተይው። ሂጂና ማን እንደቀባው ጠይቂ። እጁ ጎበዝ ከሆነም ጎበዝ ነህ በዪው። ሠላሳ ዓመት አታስቀምጪው።»

ሰዓቴን አየሁ፣ አሥራ አንድ ተኩል ነበር። ፀጉር ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ ብዬ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ።